የቂም ሳህን

ቤቱ ስቶክሆልም የደረሰው ተፈታትቶ፣ በኮንቴይነር ታሽጎ ነው። እንዲያውም ሁለት ቤት ነው። ትልቁ የአንድ የሻይ ነጋዴ ቤት ነበር፤ ክፍሎቹ መሃል ያለውን ግቢ ዙሪያውን ከበው የተሠሩ። ትንሹ የገበሬ ነው። ደቡብ ቻይና ያለው መንደራቸው ውሃ ሊተኛበት ሲሆን ቤቶቹን እንጨት በእንጨት ፈቱና በእያንዳንዱ ምሰሶና ወራጅ ላይ በብሩሽ ቁጥር ጽፈው በመርከብ ላኳቸው። ውሃ ዳር ያለው ሙዚየም በድሮ መጋዘን ውስጥ መልሶ ሊያቆማቸው አናጺ ሲፈልግ አመለከትኩ። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ከአጎቴ ሥር ሆኜ መሮ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ በስደት ስዊድን ከገባሁ ወዲህ ግን ሥራዬ የሰው ኩሽና መግጠም ሆኖ ቀረ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ አንድም ሚስማር የሌለበት ቤት አቁም ተባልኩ። ደስ አለኝ።

ከቤቶቹ ጋር አንድ አዛውንት ቻይናዊ አናጺ መጡ። የሚሉትን አልሰማም፣ የምለውን አይሰሙም፤ ቢሆንም በሦስተኛው ቀን መዶሻ ሳይጠይቁኝ አቀብላቸው ነበር። እንጨቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው በድምፁ ነበር የሚያውቁት። የትልቁን ቤት የጣሪያ አግዳሚ ከመስቀላችን በፊት መሬት ላይ አጋድመን ስናጸዳው እንደ ልማዳቸው ሲመቱት አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ድምፁ ባዶ ነው። በመሮ ጫፍ ሲፈለቅቁት ውታፍ ወጣ፤ ከውታፉ ሥር እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ የተሰበረ ሳህን ግማሹ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ደግሞ ቻይናዎች በጥንድ ይዘው ከሚበሉባቸው ቀጫጭን እንጨቶች አንዱ፣ ብቻውን።

አዛውንቱ መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ፤ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። የሙዚየሙ አስተርጓሚ በስዊድንኛ እንዳስረዳችን፣ በዚያ አገር የቤቱ ባለቤት የበደለው አናጺ ቂሙን በአፉ አያወራም፤ እንጨት ውስጥ ይቀብረዋል። ሳህኑ ግማሽ፣ መብሊያ እንጨቱ አንድ፤ የዚያ ቤት ልጆች ጠግበው እንዳይበሉ ማለት ነው። እርግማኑ ሠርቶ እንደሆነ ጠየቅኩ። አዛውንቱ የነጋዴው የልጅ ልጆች ቤቱን ክፍል በክፍል እየሸጡ እንደጨረሱት ተናገሩ። ቀጥለውም አናጺው ግን ይህን ሳያይ ነው የሞተው አሉ፤ ለእሱ ያዘኑለት ይመስላል። እኔ ለአናጺው አላዘንኩም። በመሮው ቀናሁ።

ሳህኑና እንጨቷ ተወስደው መስታወት ውስጥ ገቡ። ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። አግዳሚው በሚሰቀልበት ቀን ጠዋት፣ ሌሎቹ ፊካ የሚሉትን የሥራ ማቋረጫ ቡናቸውን ሊጠጡ ሲሄዱ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ከነማዕረጉ ጻፍኩና ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩት። በጥድ ወተፍኩት፣ በመላጊያ አለሰለስኩት፣ ዛሬ ማንም ቦታውን አያገኘውም። ክርስቲያን ነኝ፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልነገርኳቸውም።

የሰውየውን ስም እዚህም አልጽፈውም። አበሻው ሁሉ «ዶክተሩ» ነው የሚለው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ኪስታ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ሆኖ ጡረታ የወጣ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ «እሱ» ይበቃዋል።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ሃሉንዳ በሚባል የስቶክሆልም ዳር ሰፈር ከወላጆቿ ጋር የምትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ የጀመረች ልጅ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን እንተያይ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ሳህን ስናጥብ ሁለት ሦስት ጊዜ አውርተናል፤ አንድ ቀን ደግሞ የባቡር ጣቢያ ድረስ አብረን ሄድን። ሽማግሌ ብልክስ ብላት መሬት መሬት እያየች «ላክ» አለችኝ። ያኔም የምኖረው አሁን ባለሁበት ቮርቢ ጎርድ ነበር። ዘመድ የለኝ፣ አባት የለኝ፤ ተናግሮ የሚሰማ ሰው ፈለግኩ። ዶክተሩን ለመንኩት። እሺ አለኝ። ከሁለት ሰዎች ጋር ሃሉንዳ ሄደ። ሁለቱ የሄዱት ቁጥር ለመሙላት ነበር፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ካናዳ ገብቷል። የሚናገረው እሱ ነበር።

ሽማግሌ ሲላክ አግቢው አብሮ አይሄድም። ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ማንም ለማያየኝ ነገር ከረባት አስሬ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ደወለ። «ሰዎቹ አልፈቀዱም። አይዞህ፣ የተሻለ ይገጥምሃል» አለኝ። ይኸው ነው። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከሙልኝ» አልኩት። ይህን ማለቴን ሳስብ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ ፊቷን ታዞር ጀመር። ንቃኛለች አልኩ። እኔም አዞርኩ። በዓመቱ ለትምህርት ዩተቦሪ ከተማ ሄደች፤ እዚያው አግብታ ወለደች። እኔም በኋላ አገባሁ፣ አልሆነም፣ ተፋታን። ለዶክተሩ ግን ውለታ መለስኩ። ስለ እኔ ብሎ ሃሉንዳ ድረስ ሄዷልና ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከኦክ እንጨት ሠርቼ ገጠምኩለት። ያኔ ስምንት ዓመት የሚሆናት አንድ ልጁ ከጎኔ ቆማ መላጊያ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት። ፍቅፋቂውን ለቅማ ጸጉሯ ላይ ትሰካ ነበር።

እውነቱን የሰማሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ልቅሶ ቤት ነው። የልጅቷ እናት ከጎኔ ተቀምጠው ኖሮ ሲነሱ ካፖርታቸውን ያዝኩላቸው። ለሃያ አራት ዓመት ከአንገት ሰላምታ በቀር ተለዋውጠን አናውቅም። እጃቸውን እጅጌው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

«አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፣ ልጠይቅህ» አሉኝ። «ያን ቅዳሜ ለምን ቀራችሁ?»

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አላወቅኩም። ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹን እንደ ወጉ ተመካክረን እንመልሳለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ኑ ብለው ነበር የሸኟቸው። ማንም ቤተሰብ ልጁን በመጀመሪያው ቀን እንደማይሰጥ፣ ቀጠሮ መስጠት እምቢታ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቀዋል። አባትየው እሺ ሊሉ ቆርጠው ነበር። ቅዳሜ ከጎረቤት ወንበር ተዋሱ፤ ቤቱን ሲያጸዱ ዋሉ። ልጅቷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መኝታ ቤት ተቀምጣ በሩ እስኪንኳኳ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። በሳምንቱ ከሁለቱ አጃቢዎች አንዱ ልጁ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ዶክተሩ ነግሮናል አላቸው። «ወንበሩን ለጎረቤት የመለስኩት እኔ ነኝ» አሉኝ እናትየው። «ልጄን አዋረድካት ብዬ ስረግምህ ኖርኩ።» እኔ አልሰማሁም አልኳቸው። አመኑኝ አላመኑኝ እንጃ፤ ካፖርታቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው ሳይሞት እንዲከፍለኝ። ያ ቻይናዊ አናጺ ሳያይ ሞተ፤ እኔ ማየት ፈለግኩ።

ቤቶቹ ከቆሙ በኋላ ሙዚየሙ በጥበቃና በአስጎብኚነት አስቀረኝ። የዚህ አገር ክረምት ማሞቂያው እንጨቱን ያደርቀዋል፤ መገጣጠሚያዎቹን በየቀኑ እየዞረ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እኔም ምክንያት አገኘሁ። ለአበሻ ጡረተኞች ማኅበር ደወልኩና ኑ፣ በአማርኛ አስጎበኛችኋለሁ አልኳቸው። ዶክተሩ ከማኅበሩ እንደማይቀር አውቃለሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። መስታወቱ ጋ ስንደርስ የአናጺውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥዬም እኔም የቀበርኩት አንድ ቂም አለኝ ብዬ የሃሉንዳውን ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከፊቱ ቆሜ አወጣዋለሁ። ለሳምንት ያህል መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ተለማመድኩት። አንድ ሁለት ቦታ ላይ አሳምሬዋለሁም።

መጡ። የበሩ ደፍ እስከ ጉልበት የሚደርስ ስለሆነ አንድ በአንድ እየደገፍኩ አሻገርኳቸው። ዶክተሩንም ክንዱን ይዤ አሻገርኩት፤ ከዘራ መያዝ ጀምሯል፣ ክንዱ ቀሏል። በበሩ ሁለት ክንፎች ላይ ጢማም ጦረኞች ተስለዋል፣ ክፉ እንዳይገባ ጠባቂ ናቸው። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካሉት ሥዕሎች ጋር አመሳሰሏቸው። እኔ በሆዴ ክፉውስ በጣሪያ በኩል ነው የገባው እያልኩ ነበር። በቀይ ወረቀት ተቆርጠው መስኮት ላይ የተለጠፉትን አበቦችና ዶሮዎች አየን፤ የነብር ፊት የተጠለፈባቸውን የሕፃናት ቆቦች አየን። ነብሩ ሕፃኑን ከበሽታ ይጠብቃል ብዬ ሳስረዳ አንዲት እናት የእኔ ልጆች ሃምሳ ዓመት ሞላቸው፣ ለእነሱስ ይሆናል ወይ ብለው አሳቁን። እኔም ሳቅኩ።

መስታወቱ ጋ ደረስን። ስለ አናጺው ጀመርኩ። ዶክተሩ ከፊት ቆሞ፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ተደግፎ፣ እንደ ተማሪ በጥሞና ይሰማኛል። ሊበድሉት ያልተገባ ሰው ሲበደል ምን ያደርጋል ብዬ ወደ ዋናው ነገር ልገባ ስል ጠጋ አለና እጅጌዬን ያዘኝ። ከመሄዳችን በፊት ለብቻህ ላናግርህ አለኝ። ምላሴ ላይ የተጠራቀመው ንግግር ባለበት ቆመ። እሺ አልኩት። ሰዎቹን ግቢውን እንዲያዩ ለቀቅኳቸው።

የነጋዴው መኝታ ክፍል ውስጥ ገባን። የተቀረጸው የሙሽሮች አልጋ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺ መላጊያ ያስያዝኳት ልጁ አውቶቡስ ሹፌር አገባች። እሱ ሹፌር አይመጥናትም ብሎ ሠርጓ ላይ አልተገኘም፤ ለባልየውም በስልክ የማይባል ነገር ተናገረ። ስድስት ዓመት ሆነ፣ አታናግረውም። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ያያት በሰው ስልክ ላይ በፎቶ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

«ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ። «ከሰው ሁሉ አንተን ትወዳለች። ይቅርታ ይጠይቀኝ ካለችም እጠይቃለሁ፣ ባሌ ፊት ይቁም ካለችም እቆማለሁ። የምትለውን ብቻ አምጣልኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በፍጥነት እሺ ብዬ አላውቅም። ወደ ጡረተኞቹ ተመልሼ ንግግሬን ትቼ ስለ እንጨቱ ዓይነት አወራሁላቸው። ንግግር ምን ያደርግልኛል? ሰውየው ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀብሎኛል።

የዶክተሩ ልጅ ቤት የሄድኩት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። እሷ በስዊድንኛ፣ እኔ በአማርኛ እያወራን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መጀመሪያ ስሙን አታንሳብኝ አለች። ከዚያ እየተነሳች እየተቀመጠች፣ የታጠበ ሳህን ደግማ እያጠበች፣ በሠርጓ ቀን ባዶ የነበረችውን ወንበር ነገረችኝ። ያለቀሰች መሰለኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። በመጨረሻ እሑድ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ይምጣ አለች። ባሌን ሰድቧልና ቤቴ አይሆንም፤ እዚያ የቻይና ቤት፣ አንተ ያለህበት ይሁን፣ ልጄን ይዤ እመጣለሁ አለች። ከቀረ ግን ሁለተኛ መልእክት እንዳታመጣልኝ ብላ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

በማግስቱ ኪስታ ሄድኩ። በባቡር፣ በቀዩ መስመር መሃል ከተማ ድረስ፣ ከዚያ በሰማያዊው። መንገዱን ሁሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስደጋግም ነበር። ዶክተሩ በሩን የከፈተልኝ ገና ጣቴን ከደወሉ ሳላነሳ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የእኔ መደርደሪያ እንዳለ ቆሟል፤ ኦክ ስለሆነ አንድ ቦታ አልጎበጠም። ከሥሩ አስቀመጠኝ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነገርኩት።

«ልጅቷ አልፈቀደችም» አልኩ። «አይዞዎት፣ የተሻለ ይገጥምዎታል።»

የተሻለ ልጅ ከየት ይገጥመዋል? እብደት መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልኩት፤ ቃሉን በቃሉ ልመልስለት። ገና እንዲገባው፣ ገብቶት እንዲቃጠል ፊቱን አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም አላገኘሁም። መነጽሩን አወለቀ፣ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፣ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከምክልኝ» አለኝና በር ድረስ ሸኘኝ። ሊፍቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ይዤው የኖርኩትን ነገር አስረክቤ ወጣሁ አልኩ። የአገሬን ዘፈን እያንጎራጎርኩ ቤቴ ገባሁ፤ ሌሊቱንም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን የምጽፈው ያፈርኩበት መስሎ እንዳይታይ ነው፤ ያኔ አላፈርኩም።

እሑድ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እናትና ልጅ መጡ። ትንሿን የአበሻ ቀሚስ አልብሳታለች፤ ከላዩ የክረምት ካፖርት፣ ከሥሩ ቦት ጫማ። እናትየው ጸጉሯን ተሠርታለች። ግቢው ውስጥ፣ ዋናው በር ፊት ለፊት ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነገርከው ወይ አለችኝ። ነገርኩት አልኳት። ውሸት ለመናገር እንደዚያ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም።

የማስበው እንዲህ ነበር፤ ጥቂት ትጠብቃለች፣ ትናደዳለች፣ ትሄዳለች፣ በሩ ለዘላለም ይዘጋበታል። እኔ ከደፉ አጠገብ ባጄን አድርጌ ቆሜ አየዋለሁ። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር፤ መጠበቅ ምን እንደሚመስል። የዋናው በር በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ከወንበሩ ከፍ ብላ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሳብ አድርጋ። የሚገባው ሌላ ሰው ሲሆን መልሳ ትቀመጣለች። ለትንሿ የነብር ቆብ ከሙዚየሙ ሱቅ ገዛችላት። ስምንት ሰዓት ሆነ። ትንሿ፣ አያቴ ቆቤን ይወደዋል ወይ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀቻት። ስምንት ተኩል ሆነ። እናትየው የራሷን ሰዓት ማመን አቅቷት እኔን ስንት ሰዓት ነው አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ሃሉንዳ ታየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ቅዳሜ ሳስበው የማየው ራሴን ብቻ ነበር፤ የተበደለው እኔ፣ የተታለለው እኔ። አሁን ግን ከጎረቤት የመጡት ወንበሮችና መኝታ ቤት ውስጥ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከፍ የምትለው ልጅ ፊቴ ድቅን አሉ። እዚያ ቆሜ እያየሁ ያለሁት የራሴን ሥራ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሠራተኞች ክፍል ገብቼ ደወልኩለት። ራራሁ እንዳይመስላችሁ፤ አሁንም በነጻ ልለቀው አልፈለግኩም። አንድ ነገር ካደረጉ የምነግርዎት አለኝ አልኩት። ሃሉንዳ ደውለው ለእናትየዋ ያን ቅዳሜ ማን እንዳስቀረን በራስዎ አፍ ይንገሩ አልኩ።

«ደውያለሁ» አለኝ። «አንተ ዓርብ ከዚህ እንደወጣህ። ሊፍቱ ገና መሬት ሳይደርስ።»

«እንዴት?»

«ያመጣህልኝ የራሴን ቃል ነው። እኔም የአንተን መለስኩልህ፤ አልሰማኸኝም። ለእናትየዋ ሁሉንም ነገርኳቸው። አናጺ ነው ብዬ ነው ያስቀረሁት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስልኩን ዘጉብኝ።»

«ታዲያ ልጅዎ ቀጠሮ እንደሰጠች ከገባዎት ለምን አልጠየቁኝም?»

«በምን አፌ?» አለኝ።

ለካ የፈለግኩትን ሁሉ አግኝቼ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ ሰውየው አምኖ፣ ተናዝዞ፣ የሰጠሁትን ቅጣት ተቀብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭማሪ ነው፤ ጭማሪውን እየከፈለች ያለችው ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለችው ናት። ዛሬ ነው፣ አሁን ነው፣ እዚህ ሙዚየሙ ውስጥ እየጠበቀችዎት ነው፣ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፣ ታክሲ ይያዙ አልኩት። ወዲያው ዘጋው።

ወጥቼ ለዶክተሩ ልጅ ነገርኳት። አባትሽ አልቀረም፣ መልእክትሽን ያላደረስኩት እኔ ነኝ አልኳት። ለምን እንደሆነም በአጭሩ ነገርኳት። ከኪስታ እዚህ ድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከዚያ ብዙም የማትናገረውን አማርኛ ተናገረች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አንተም?»

ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ዶክተሩ የመጣው ሙዚየሙ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። ቆብ አላደረገም፣ የአንድ ጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል። ደፉ ጋ ሲደርስ ክንዱን ልይዝለት እጄን ዘረጋሁ፤ አላየውም። በከዘራው ተደግፎ አንዱን እግሩን አሻገረ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ሌላውን አሻገረ። ልጅቷ ተነስታ ቆማለች፤ ወደ እሱ ግን አልሄደችም። ዘግይተሃል አለችው በስዊድንኛ። አዎ፣ ዘግይቻለሁ አላት። ትንሿ የነብር ቆቧን እንዳደረገች ሄዳ ከዘራውን ያዘች። እኔ መዶሻዬን ይዤ ወደ ጓሮው ክፍል ገባሁና ደህና የነበረ መገጣጠሚያ መታ መታ አደረግኩ።

አሁን አልፎ አልፎ አብረው እንደሚታዩ ሰምቻለሁ። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት አሁንም አግዳሚው ውስጥ ነው። ለማውጣት የጣሪያውን ሸክላ በሙሉ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ማን ፈቃድ ይሰጠኛል። በየጠዋቱ ከሥሩ አልፋለሁ። ቂሙ ወጥቶልህ ይሆን ብትሉኝ አልወጣልኝም። ሰውየውን ዛሬም አልወደውም።

ባለፈው ማክሰኞ የሃሉንዳዋ እናት ደወሉልኝ። ዶክተሩ የነገራቸውን እያዘኑ ደገሙልኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በከንቱ ረገምኩህ፣ ይቅር በለኝ አሉኝ። ለልጄም ነግሬያታለሁ አሉ። ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩት። ይህን ቀን ስንት ጊዜ እንዳለምኩት እግዜር ያውቃል። እኔ እንዳልቀረሁ፣ እንዳልናቅኳት፣ ያላገናኘን ሌላ ሰው እንደሆነ እንድታውቅልኝ ነበር የፈለግኩት። ምን አለች አልኳቸው። መናገር አልፈለጉም፤ ተወው፣ የድሮ ነገር ነው አሉኝ። ለመንኳቸው።

«‹ከቮርቢ ጎርድ ሃሉንዳ አራት ፌርማታ ነው› አለች» አሉኝ። «‹እሱስ እግር አልነበረውም ወይ?›»

ልጅዎን ሰላም በሉልኝ ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ወደ ሃሉንዳ የሚሄደው ባቡር ከመስኮቴ ይታያል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየአሥር ደቂቃው ሲያልፍ አየው ነበር።